ወንበር ገልባጯ ወይዘሮ ስንዱ አድማሴ

ወይዘሮ ስንዱ አድማሴ አርፈዋል። ማክሰኞ ጠዋት፣ እዚህ እስራኤል፣ በረሆቮት ከተማ ክፋር ግቢሮል ሰፈር ካለው ቤታቸው ወደ ሱቃቸው ሊወጡ ጫማቸውን በማሰር ላይ ሳሉ ልባቸው ቆመ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በረሆቮት መቃብር ቀበርናቸው። ይህን የምጽፈው ለሚያውቋቸው ሁሉ ነው፤ በተለይ ደግሞ ባለፈው ዓመት መንገድ ላይ ሲያገኟቸው የማያውቋቸው መስለው ላለፉት።

እኔ ፋንታነሽ እባላለሁ። የደረጃ ጎረቤታቸው ነበርሁ፤ በመረዳጃ ማኅበራችንም የቁጥጥር ኮሚቴ ውስጥ አብሬያቸው ሠርቻለሁ። ማኅበራችንን ልጆቻችን «አሙታ» ይሉታል፤ ሥራው ሰው ሲሞት ድንኳን መትከል፣ ድስትና ወንበር ማቅረብ፣ ሐዘንተኛውን ብቻውን አለመተው ነው። በየወሩ ከየባንካችን ትንሽ ትንሽ ይቆረጥለታል፤ ከኢሪያውም፣ ማለትም ከከተማው አስተዳደር፣ ድጎማ ያገኛል። ወይዘሮ ስንዱ ከመሥራቾቹ አንዷ ነበሩ።

የሞታቸውን ዜና አብዛኞቻችሁ ያነበባችሁት ሊቀ መንበሩ በስልክ ባሠራጨው መልእክት ነው። የሻማ ሥዕል አድርጎበት «የማኅበራችን ምሰሶ ወደቀች» ብሎ ጻፈ። ባለፈው ክረምት በዚያው ስልክ፣ ለእነዚያው ሰዎች፣ «የማኅበራችን ጠላት» ብሎ የጻፈባቸው ይኸው ሰው ነው። ጠላት ሆነው ከረሙና ሲሞቱ ምሰሶ ሆኑለት። ዓይኑን በጨው የታጠበ ሰው አይቻለሁ፤ እንደዚህ ያለ ግን አላየሁም።

አንባቢ ይታዘበኝ፤ ሊቀ መንበሩን «እርሳቸው» ልል ብዕሬን ደጋግሜ አነሣሁ፤ እምቢ አለኝ። ስለዚህ «እሱ» እያልሁ እቀጥላለሁ። ስሙንም አልጽፍም። በእኛ ማኅበር ስም የሚጻፍበት የክብር ቦታ ሌላ ነው፤ እዚያ ስደርስ እነግራችኋለሁ።

ወይዘሮ ስንዱ ሄርዝል ጎዳና ላይ፣ በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ፣ ልብስ የሚጠግኑባት ሱቅ ነበረቻቸው። ሱሪ ያሳጥራሉ፣ ዚፕ ይቀይራሉ፣ የጠበበውን ያሰፋሉ። አዲስ ልብስ ገዝቶ «እትዬ ስንዱ፣ እንዴት ነው፣ ያምራል?» ለሚላቸው ሁሉ መልሳቸው «ውስጡን አሳየኝ» ነበር። ልብሱን ይገለብጡና ስፌቱን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ ይሄዳሉ። «ላዩንማ ማንም ያሳምረዋል» ይሉ ነበር። ስፒል በከንፈራቸው ነክሰው ስለሚሠሩ፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ ሰው መገሠጽ የሚችሉ እርሳቸውን ብቻ ነው የማውቀው።

ወታደር አያስከፍሉም። አንድ ቀን አንዲት ቀጭን ልጅ የደንብ ልብሷ እንደ ጆንያ ሰፍቷት መጣች። በልኳ አድርገው ሲሰጧት በዕብራይስጥ ዋጋውን ጠየቀቻቸው። «በሰላም ተመለሺ፤ ያን ጊዜ ትከፍያለሽ» አሏት በአማርኛ። ልጅቷ አገልግሎቷን ጨርሳ ልትከፍል ስትመጣ ደግሞ «ስታገቢ» አሏት። እስካሁን አላገባችም፤ በቀብሩ ላይ ግን ከሁላችን በላይ ያለቀሰችው እሷ ነበረች።

እዚህ አገር ከመጣን የለመድነው ወግ አለ፤ ሐዘንተኛ ልብሱን ከአንገቱ ሥር ይቀዳል። ሠላሳው ቀን ሲያልፍ ሰዎች የተቀደደውን ሸሚዝ ይዘው ወደ ወይዘሮ ስንዱ ይሄዱ ነበር። ለባል፣ ለወንድም፣ ለእህት የተቀደደውን አሳምረው ይሰፉታል፤ ያለ ዋጋ ነው። ለእናት ወይም ለአባት የተቀደደ ከሆነ ግን አጣጥፈው ይመልሱታል። «የወላጅ ቅድ ተመልሶ አይሰፋም። እንዲሁ አስቀምጠው» ይላሉ። የእርሳቸው አባት፣ አቶ አድማሴ ወርቁ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ብለው ከወጡበት መንገድ ሱዳን ላይ የቀሩ ናቸው። መቃብራቸውን የሚያውቅ ሰው የለም።

አሁን ወደ ወንበሮቹ ልምጣ። ማኅበሩ ሲመሠረት ድንኳን ነበረን፤ ወንበር ግን አልነበረንም። ወይዘሮ ስንዱ አንድ ሐሳብ አመጡ፤ እያንዳንዱ ቤት በሱዳን መንገድ ላይ በቀረበት ሰው ስም ወንበር ይግዛ፣ ስሙም በወንበሩ ጀርባ ይጻፍ አሉ። ሰው ሁሉ ተሻማበት። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጡትም የየራሳቸውን ሟች ስም አመጡ። ስሞቹን በሰማያዊ ቀለም፣ በዚያ በተስተካከለ እጃቸው የጻፉት ወይዘሮ ስንዱ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ «ዛሬ ማን አስቀመጠሽ?» መባባል ልማዳችን ሆነ። «የእንትና አባት» እንላለን፤ ስማቸውም ይነሣል። መቃብር የሌላቸው ሰዎች በሰው ለቅሶ ላይ እንዲህ ሆነው ይታወሱ ነበር።

የዛሬ ዓመት ገደማ ጎረቤታችን አቶ በላይ ሞቱ። ድንኳኑ ተተከለ፤ ወንበር ግን የለም። ሊቀ መንበሩ ለሐዘንተኞቹ «ቀለም እየተቀቡ ነው» አላቸው። ሽማግሌዎች በተገለበጠ የአትክልት ሣጥን ላይ ተቀመጡ። የአቶ በላይ ሚስት፣ ወገባቸውን የሚያማቸው ሴት፣ ሰባቱን ቀን በሕንፃው ደረጃ ላይ ተቀምጠው ሰው ተቀበሉ። ሊቀ መንበሩ ራሱ መጥቶ፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ እየገባ፣ ቆሞ አጽናናቸው። ደግነቱ ቶሎ ሄደ፤ ሥራ በዝቶበት ነበር።

ሥራው ምን እንደሆነ በዚያው ሳምንት መጨረሻ አየነው። ከረሆቮት ወጣ ብሎ፣ በአንድ ሞሻብ፣ ማለትም በገበሬዎች መንደር ውስጥ በተዘጋጀ የአትክልት ቦታ፣ ሰርግ ተጠርተን በአውቶቡስ ሄድን። ወንበሮቹ ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ከኋላቸው የሐር መቀነት በቢራቢሮ ታስሮላቸው ተደርድረዋል። ወይዘሮ ስንዱ ከጎኔ ተቀመጡ። ምግቡ ሳይመጣ የወንበራቸው መቀነት ተፈታና መሬት ነካ። እርሳቸው ደግሞ የላላ ነገር አይተው አያልፉም። ተነሡ፤ ሊያስሩት ጎንበስ አሉ፤ እንደ ልማዳቸውም የልብሱን ጠርዝ ገለበጡና ስፌቱን አዩ። ዞር ብዬ ሳይ ልብሱን እስከ ላይ ገልጠውታል። በወንበሩ ጀርባ በራሳቸው እጅ በሰማያዊ ቀለም «አድማሴ ወርቁ» ይላል።

የአባታቸው ስም ሰርግ ቤት፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ለኪራይ ቀርቧል። እኔም የራሴን ገለጥሁ፤ የማላውቃቸው የአንዲት እናት ስም አለበት። በዚያ ሰዓት የተሰማኝ ንዴት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። የድግስ ዕቃ የሚያከራየው የሊቀ መንበሩ አማች ነው፤ ይህን የማያውቅ አልነበረም። ከየት አምጥቶ እንደሚያከራይ ግን ማንም አልጠየቀም።

ሊቀ መንበሩ ከፊት፣ ከሙሽሮቹ አጠገብ፣ ደረቱን ነፍቶ ተቀምጧል። ወይዘሮ ስንዱ ወንበራቸውን አንሥተው፣ በሚጨፍሩት መካከል አልፈው፣ ከፊቱ አቆሙት።

«ይህን ያውቁታል?» አሉት። ያኔ ገና አንቱ ይሉታል።

«እትዬ ስንዱ፣ ዛሬ እኮ ደስታ ነው! ያላ፣ ይጨፍሩ እንጂ።»

«በማን ወንበር ነው የምጨፍረው?»

«ቤሰደር፣ እሺ። ሰኞ ቢሮ እንነጋገራለን።»

ወይዘሮ ስንዱ ሰኞን አልጠበቁም። ወንበሩን ተሸክመው ወደ አውቶቡሱ ሄዱ። ሰርጉ እስኪያልቅ እዚያ ተቀምጠው ጠበቁን፤ ስንመለስም ወንበሩን ከጎናቸው አድርገው ረሆቮት ገቡ። ሾፌሩ «ይሄ ምንድን ነው?» ቢላቸው «አባቴ ናቸው» አሉት። ሾፌሩ አልሳቀም።

ሰኞ ቢሮ ስንሄድ ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ላይ ነው ተባልን። በሳምንቱም ስብሰባ ላይ ነው። ከማን ጋር እንደሚሰበሰብ እንጃ፤ የኮሚቴው አባላት ከእኛ ጋር ኮሪደር ላይ ቆመው ነበር። እነዚህ አባላት እሱ ሲስቅ የሚስቁ፣ ሲቆጣ የሚቆጡ ናቸው፤ ምን እንደ ፈረሙ ስንጠይቃቸው «እሱ ያውቃል» ይላሉ። አንዱ ጭራሽ ኮሚቴ ውስጥ መኖሩን ከእኛ ነው የሰማው። ወይዘሮ ስንዱ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አዩትና «አንተንም አከራይተውህ ይሆናል» አሉት።

በመጨረሻ የመጣው መልስ እኛ ብቻ የምናውቀው ዓይነት ነው። ሊቀ መንበሩ ሽማግሌ ላከ። የሁለት ጎረቤቶች ጠብ የሚበርድበትን ያን የተከበረ ወግ የሕዝብ ንብረት ለወሰደ ሰው መሸሸጊያ አደረገው። ሽማግሌዎቹም ሄዱለት፤ መለመንን ሳይወዱት አልቀሩም። በወይዘሮ ስንዱ ቤት ተቀመጡና ይቅርታ ካላደረጉ እህል አንቀምስም አሉ። እኔም ነበርሁ። የሚናገሩት አባ አለሙ ነበሩ፤ ክፋር ግቢሮል ውስጥ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም።

«ልጄ ስንዱ፣ ሰው ነው፣ ተሳስቷል። ስለ እኛ ብለሽ ተይለት።»

«አባባ፣ እኔን የበደለኝን ትቼለታለሁ። ጠላት ብሎ ጽፎብኛል፤ ይሁን፣ ትቻለሁ። ወንበሮቹ ግን የእኔ አይደሉም። የሌላ ሰው በደል እኔ እንዴት ይቅር እላለሁ?»

«ታዲያ ምን ይደረግ ነው የምትይው?»

«ጉባኤ ይጠራ። ለማን እንዳከራየ፣ ገንዘቡም የት እንደ ገባ በሕዝብ ፊት ይናገር። ከዚያ ሕዝቡ ይቅር ካለው እኔም አብሬ እላለሁ።»

«ኧረ ምነው ልጄ! ገመናችንን አደባባይ? ፈረንጆቹ ምን ይሉናል?»

«የአቶ በላይን ሚስት ደረጃ ላይ ያስቀመጡት ፈረንጆቹ አይደሉም፣ አባባ።»

ወይዘሮ ስንዱ ጨመሩበት። «ደግሞ እርስዎ ያውቁታል፤ የወላጅ ቅድ አይሰፋም።»

ሽማግሌዎቹ ምንም ሳይቀምሱ ተነሥተው ሄዱ። የሽማግሌን ቃል መግፋት በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከዚያ ወዲያ ሰው ከወይዘሮ ስንዱ ሸሸ። ሄርዝል ላይ ሲያዩዋቸው መንገድ የሚሻገሩ ነበሩ። ሱሪያቸውን ለማሳጠር ሌላ ከተማ የሄዱም አሉ፤ ለአንድ ሱሪ አውቶቡስ ሁለቴ ከፍለው! ሊቀ መንበሩ «ወንበር ገልባጯ» የሚል ቅጽል አወጣላቸውና ሰዎች ሳቁበት። በክረምቱ እኅታቸው ስትሞት የማኅበሩ ድንኳን አልመጣም። «ማሕሳኑ ተቆልፏል፣ ቁልፍ ያዡ የለም» ተባለ። ማሕሳን የምንለው የዕቃ ማከማቻውን ነው። ስንት ሰው የቀበረች ሴት እኅቷን ሳሎኗ ውስጥ ከእኔና ከልጇ ከኦስናት ጋር ብቻ ሆና አለቀሰቻት። የተቀመጡትም ከሰርጉ ባመጡት በአባታቸው ወንበር ላይ ነበር። ያን ቀን የቀራችሁ ሁሉ አፍራችሁ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን አፈርሁባችሁ።

እርሳቸው አልቆሙም። ሱቁን በጊዜ እየዘጉ ከቤት ቤት ሄደው የአባላትን ፊርማ ለመኑ። በር የዘጉባቸው ነበሩ፤ በሩን ዘግተው በመስኮት የፈረሙላቸውም ነበሩ። በሕጉ የሚበቃው ፊርማ ሲሞላ ጉባኤው ግድ ሆነና ቀን ተቆረጠ። ወይዘሮ ስንዱ ለጉባኤው የሚለብሱትን ቀሚስ አሳጥረው ሰቅለውት ነበር። ቀኑ ሳይደርስ ሞቱ። የቀበርናቸውም በዚያ ቀሚስ ምትክ በነጭ ከፈን ጠቅልለን ነው።

አሁን ድንኳኑ መጣ። ቁልፍ ያዡም ተገኘ። ወንበሮቹ ታጥበው፣ እያበሩ፣ በሊቀ መንበሩ መኪና ተጭነው መጡ። በሰባተኛው ቀን ድንኳኑ ከሩቅ ከተሞች፣ ከአፉላም ከነታንያም በመጣ ሰው ሞላ። ሊቀ መንበሩ ተነሣና ንግግር አደረገ። «እኅቴ ነበረች፣ አማካሪዬ ነበረች» አለ። መሐረብ አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ፤ ዓይኑ ደረቅ ነበር። ቀጥሎም «ለሟቿ ክብር ሲባል ጉባኤው ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል» አለና ተቀመጠ። የሴትዮዋን ሞት እንኳ ለጥቅሙ አዋለው። ኮሚቴዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ኦስናት ከሐዘንተኞች መካከል ተነሣች። አማርኛዋና ዕብራይስጧ ተደባልቆ ነው የምትናገረው።

«ስሊሓ፣ ይቅርታ ጋሼ። እማዬ ለጉባኤው አንድ ነገር ብቻ ነበር ያዘጋጀችው። ረጋዕ፣ አንዴ ሁላችሁም ቁሙ። የተቀመጣችሁበትን ወንበር ገልብጣችሁ ስሙን አንብቡ። ዜሁ፣ ሌላ ምንም የለም።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። እኔ ተነሣሁና የኔን አነበብሁ። ከኋላ አንዲት ሴት ተነሥታ አነበበች። ከዚያ ከየአቅጣጫው ስም ይነሣ ጀመር፤ ማንበብ የማይችሉትም ወንበራቸውን ለልጆቻቸው እያዞሩ አስነበቡ። ስሙ የተጠራለት ቤተሰብ ያለቅሳል። በሱዳን መንገድ የቀሩት ሰዎች እንደዚያ ቀን በድንኳን ውስጥ፣ በወግ፣ የተለቀሰላቸው አይመስለኝም። ኦስናትም ከቤት ያመጣችውን የአያቷን ወንበር አንሥታ «አድማሴ ወርቁ» አለች።

ስሞቹ ሲያልቁ አንዲት ሴት «የወንድሜስ?» አለች። «የወንድሜ ወንበርስ? እኔ ነኝ የገዛሁት። አልተጠራም።» ሌላ ሰው የአባቱን፣ ሌላዋ የልጇን ጠየቀች። ሊቀ መንበሩ «ማሕሳን ውስጥ ይኖራሉ፣ ይፈለጋሉ» አለ። ያን ጊዜ አባ አለሙ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። ይቅርታ ለማኙ ሽማግሌ ናቸው።

«አንተ ልጅ» አሉት፤ «እናቴን የት አደረስካት?»

«አባባ፣ አንዳንዶቹ ተሰብረው ነበር...»

«እናቴን የት አደረስካት ነው የምልህ።»

«ጣልናቸው፣ አባባ። ከሰርጎቹ ሲመለሱ የተሰባበሩትን ጣልናቸው።»

ከአፉ የወጣው የመጀመሪያው እውነተኛ ነገር ይህ ነው። «ከሰርጎቹ» ማለቱን ራሱም የሰማው ዘግይቶ ነው። ጭቅጭቅ አልነበረም፣ እጁን ያነሣም የለም። ሰው ሁሉ ግን የቆመ እንደ ቆመ ቀረ፤ እሱ ብቻ ተቀምጦ ነበር። አባ አለሙ እጃቸውን ዘረጉ። ሊቀ መንበሩ የማሕሳኑን ቁልፍ ከኪሱ አወጣና ሰጣቸው። ጉባኤው እዚያው ድንኳን ውስጥ ተደረገ፤ እሱ ከኃላፊነቱ ወረደ፣ ጉዳዩም ለሚመለከተው የሕግ ክፍል እንዲቀርብ ተወሰነ። ማግሥቱን በስልክ «በጤና ምክንያት ለቅቄአለሁ» ብሎ ጻፈ። ይማረው። ያከራየበትንም ገንዘብ የት እንዳስገባ ጤናው ሲመለስለት ይናገራል፤ እንጠብቀዋለን።

እትዬ ስንዱ፣

ያ ያሳጠሩት ቀሚስ አሁንም ሱቅዎ ውስጥ ተሰቅሏል። ገልብጬ አየሁት፤ ውስጡም እንደ ላዩ ነው። ኦስናት ለእርስዎ ወንበር ገዝታ ስምዎን በሰማያዊ ቀለም ጽፋበታለች። ፊደሉ ትንሽ ጠመም ብሏል፤ በአማርኛ ስትጽፍ የመጀመሪያዋ ነውና አይቆጡባት። ከአባትዎ አጠገብ አስቀምጠነዋል። አባ አለሙ የእናታቸውን ወንበር እንደ ገና አሠርተዋል፤ እርስዎ ቤት ሳይቀምሱት የሄዱትን እህል በተስካርዎ ቀን ቆመው በልተዋል፣ እያለቀሱ።

ሰው እንደ ሸሸዎት ሄደው ቢሆን ኖሮ ይህን ሕዝብ እስክሞት አልምረውም ነበር። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልማርሁትም፤ እርስዎ ትተውለታል፣ እኔ ግን ጊዜ ያስፈልገኛል። እግዚአብሔር አባትዎ ወዳሉበት ያድርስዎ፤ መቃብራቸውንም እርሱ ያሳይዎ። ቁልፉን ዛሬ የምይዘው እኔ ነኝ። በሄድሁበት ሰርግ ሁሉ ደግሞ የወንበሬን ልብስ ገልጬ ጀርባውን ሳላይ አልቀመጥም፤ ሰው ይስቅብኛል፣ ይሳቅ። ደኅና ይሁኑ፣ እትዬ ስንዱ። ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ «ዛሬ ማን አስቀመጠሽ?» ሲሉኝ ስምዎን እጠራለሁ።